ቀላል የቤት ምግብ አሠራርን ለሌላ ሰው ማካፈል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እጁ የሚጣፍጥ ሰው ሁሉ አንድ ቀን «እንዴት ነው የሠራሽው?» መባሉ አይቀርም። አሠራሩ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። ጠያቂው ቤቱ ገብቶ ድስት ሲጥድ ግን ጥያቄው ይከተላል፦ እሳቱ ምን ያህል ነው? ውሃው መቼ ነው የሚገባው? ይከደናል ወይስ አይከደንም? ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት አሠራሩን ለሚያካፍለው ሰው ነው። እኔ አንድን አሠራር የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ተቀባዩ ስልክ ሳይደውል ሠርቶ መብላት ቻለ ወይ?

የምሠራው ሁሉም የሚያውቀውን ተራ ምግብ ነው። ይሄ ለሰው ይካፈላል?

እንዲያውም አብልጦ የሚፈለገው እሱ ነው። ከሥራ ደክሞት የገባ ሰው በአንድ ድስት፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ የሚደርስና ልጆቹ የማይመልሱት ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ደጋግመው የሠሩትን፣ ከሰው ጋር እያወሩ እንኳ የማያበላሹትን ምግብ ይምረጡ። አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ የተሳካለትን ምግብ ለማካፈል አይቸኩሉ። ጣዕሙን ያመጣው የትኛው ነገር እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ ምናልባት ቲማቲሙ የዚያን ቀን ደህና አድርጎ በስሎ ይሆናል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደገም ግን ምኑ የግድ እንደሆነ፣ ምኑ ቢቀርም እንደማይጎዳ ይለያል።

በዓይኔ እየገመትኩ ነው የምሠራው። መጠኑን እንዴት ልጻፍ?

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጥሩ ምግብም ሳይጻፍ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፦ አሠራርዎን አይለውጡ፣ በመጀመሪያና በመጨረሻ ብቻ ይለኩ።

የወጥ ቤት ሚዛን ካለ፣ የጨውና የቅመም ዕቃዎቹን ምግቡን ከመጀመርዎ በፊት ይመዝኑና ቁጥሩን ይጻፉ። ከዚያ እንደወትሮው በእጅዎ ቆንጠር፣ በማንኪያዎ ጨለፍ እያደረጉ ይሥሩ። ሲጨርሱ ዕቃዎቹን መልሰው ይመዝኑ፤ የጎደለው ወደ ድስቱ የገባው ነው። ሚዛን ከሌለ ደግሞ በትንሽ ሳህን ላይ 3 የሻይ ማንኪያ ጨው አፉን አስተካክለው ለክተው ያስቀምጡ፣ ከዚያ ብቻ እየወሰዱ ይጨምሩ፣ መጨረሻ ላይ የተረፈውን በማንኪያው ይስፈሩ። ዘይትና ውሃም በዚሁ መንገድ ይለካሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲሠሩ ይድገሙትና ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ሁለቱንም ይጻፉ፦ «ከ1 እስከ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ» ማለት ነውር የለውም፤ እውነቱ ያ ከሆነ ተቀባዩም በዚያ መካከል መንቀሳቀስ እንደሚችል ያውቃል።

አሠራሩ የእናት ወይም የአያት ከሆነ «ስንት ነው የሚጨምሩት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። መልሱ «እንደሚበቃው ነው» ይሆናል፣ ውሸትም አይደለም። ከጎናቸው ቆመው በእጃቸው የዘገኑት ነገር ድስት ከመግባቱ በፊት ሳህን ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። እዚያ ላይ ለክተው ይመልሱላቸው። ሥራቸው አይቋረጥም፣ እርስዎም ቁጥሩን ያገኛሉ። ይህን ለማድረግ ጊዜው ዛሬ ነው እላለሁ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጠይቀው ሰው ካጣ በኋላ ነው የሚቆጨው።

በግራም ይሻላል ወይስ በኩባያና በማንኪያ?

እንደ ምግቡ ነው። ለሾርባና ለወጥ ነክ ነገር ኩባያና ማንኪያ ይበቃል። ዱቄት ያለበት ነገር፣ በተለይ ዳቦና ኬክ፣ ግራም ይፈልጋል። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በማንኪያ እየተሞላ ከተለካ 120 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ኩባያው ራሱ ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ ተጠቅጥቆ ከወጣ ግን 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። በዚህ ልዩነት ብቻ ለስላሳ መሆን የሚገባው ኬክ ይደርቃል።

ኩባያውም በየአገሩ አንድ አይደለም። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አለ፣ 240 የሚይዝ አለ፣ ጃፓን ውስጥ 200 ነው። የሾርባ ማንኪያ በአብዛኛው 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን የአውስትራሊያው 20 ነው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ «የእኔ ኩባያ 250 ሚሊ ሊትር ይይዛል» የሚል አንድ መስመር ከላይ ቢገባ ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ጨው ላይም ዓይነቱን ይጻፉ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ገደማ ሲሆን፣ አንዳንድ ሻካራ ጨው በዚያው ማንኪያ የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ይመዝናል።

«1 ሽንኩርት» የሚለውም ብቻውን አይበቃም፤ «1 ትልቅ፣ 200 ግራም ገደማ» ይበሉ። «3 ነጭ ሽንኩርት» ከተባለ ደግሞ 3 ፍሬ ይሁን 3 ራስ የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው።

ምን ያህል መዘርዘር አለብኝ?

አሜሪካ ውስጥ በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ፣ በሸክላ ላይ የተቀረጹ 3,700 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የባቢሎናውያን የምግብ አሠራሮች አሉ። አብዛኞቹ ስለ መረቅ ምግቦች ናቸው፤ ድስት ውስጥ የሚገባውን ይዘረዝራሉ፣ ስለ መጠንና ስለ ማብሰያ ጊዜ ግን እምብዛም አይናገሩም። የተጻፉት ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ስለሆነ ነው። ዛሬ ሊሠሯቸው የሞከሩ ሰዎች ክፍተቱን በግምት መሙላት ነበረባቸው። እኛም ለጓደኛችን «ሽንኩርቱን አቁላልተሽ፣ ቲማቲም ጨምረሽ፣ ውሃ ታደርጊያለሽ» ስንል የምንጽፈው ያንኑ ዓይነት ነው።

በአብዛኛው የሚረሱት እነዚህ ናቸው፦ አትክልቱ በምን ያህል ደቅቆ እንደሚከተፍ፣ የድስቱ ስፋት፣ ክዳኑ ላይ መሆን አለመሆኑ፣ እሳቱ የሚቀነስበት ሰዓት፣ ጨው የሚገባበት ጊዜ። የሚያስፈልጉትን ነገሮች ድስት በሚገቡበት ቅደም ተከተል ይዘርዝሩ። ቀድሞ መዘፍዘፍ ወይም ከፍሪጅ ወጥቶ መቆየት ያለበት ነገር ካለ ከሁሉ በላይ ይጻፉት፤ አንባቢው «ከሌሊቱ የተዘፈዘፈ ባቄላ» የሚለውን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ እየራባቸው ማንበብ የለበትም። የምግቡ ታሪክ ካለው ደስ ይላል፣ ይጻፍ፤ ቦታው ግን ከአሠራሩ በታች ነው።

ጊዜውን በደቂቃ ልጻፍ ወይስ በምልክት?

ሁለቱንም፣ ምልክቱን ግን አስቀድመው። ደቂቃ በድስቱ ውፍረት፣ በእሳቱ ኃይል፣ ምግብ አብሳዩ በሚኖርበት ከፍታም ይለዋወጣል። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 2,400 ሜትር ላይ የሚኖር ሰው ድስት በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። የፈላ ቢመስልም ሙቀቱ ያነሰ ስለሆነ ባቄላ፣ ድንችና ሩዝ ቆላ ላይ ከሚፈጁት የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ። «20 ደቂቃ» ብቻ የተጻፈለት ደገኛ ጥሬ ነገር ይበላል።

ምልክት ማለት በዓይን ብቻ የሚታይ አይደለም። ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሲገባ ጮክ ብሎ ይንጫጫል፤ ውሃው እየተነነ ሲያልቅ ድምፁ ይቀንሳል፣ መቅላት የሚጀምረውም ያኔ ነው። ነጭ ሽንኩርት ሽታው ከፍ ብሎ ሲያውድ በቅቶታል፤ ትንሽ ከቆየ ይመርራል። ድንች ቢላ ሲሰካበት ሳይታገል ከለቀቀ በስሏል። እነዚህን ከደቂቃው ጎን ይጻፉ።

ሽንኩርት ላይ ደግሞ እውነቱን ይጻፉ። ብዙ አሠራር «ሽንኩርቱ ቡናማ እስኪሆን 10 ደቂቃ» ይላል። በ10 ደቂቃ የሚሆነው ለስላሳ ሽንኩርት ነው። ጣፋጭና ጠቆር ያለ ቡናማ እንዲሆን በመጠነኛ እሳት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ረጅም መስሎ ሰው እንዳይሸሽ ተብሎ የሚቀነሰው ሰዓት ተቀባዩን «እኔ ሙያ የለኝም» ያሰኘዋል፣ ያ ደግሞ ያሳዝነኛል።

የኦቨን ሙቀት ሲጽፉ ሴንቲግሬድ ወይም ፋራናይት መሆኑን ይለዩ፦ 180 ሴንቲግሬድ ከ350 ፋራናይት ጋር ይቀራረባል። ንፋስ የሚያዘዋውር ኦቨን ከሆነ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ዝቅ ይደረጋል።

ተጽፎ ያለቀ አሠራር ምን ይመስላል?

በአንድ ድስት የሚያልቅ የቀይ ምስር ክክ ሾርባ እንውሰድ። ለ4 ሰው ይበቃል፣ ከነመክተፉ 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ 3 ሊትር የሚይዝ ድስት ይፈልጋል።

የሚያስፈልገው፦ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ 1 ትልቅ ሽንኩርት (200 ግራም ገደማ)፣ ደቅቆ የተከተፈ፤ ከራሱ የተፈለቀቀ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ የተቀጠቀጠ፤ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ከሙን፤ 2 መካከለኛ ቲማቲም (200 ግራም ገደማ)፣ የተከተፈ፤ 200 ግራም ቀይ የምስር ክክ፣ ውሃው ጠራ እስኪል የታጠበ፤ 1 ሊትር ከ200 ሚሊ ሊትር ውሃ፤ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው፤ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ።

ዘይቱን በመካከለኛ እሳት አሙቀው ሽንኩርቱን ይጨምሩ። እያማሰሉ 10 ደቂቃ ያህል፣ ለስልሶ ጠርዙ ወርቅማ እስኪሆን ያቁላሉት። ነጭ ሽንኩርቱንና ከሙኑን አስገብተው ሽታው ከፍ እስኪል፣ 1 ደቂቃ ገደማ ያማስሉ። ድስቱ መያዝ ከጀመረ አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ቲማቲሙን ይጨምሩና ፈርሶ ዘይቱ በዳር በዳር ወጣ ወጣ እስኪል፣ 5 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ምስሩንና ውሃውን ጨምረው ያፍሉ። ሲፈላ አረፋው ወደ ላይ ስለሚገነፍል ከድስቱ አይራቁ፤ አረፋውን በጭልፋ ያንሱ። እሳቱን ቀንሰው፣ ክዳኑን ገርበብ አድርገው፣ ቀስ ብሎ እየተንተከተከ ምስሩ በማንኪያ ጀርባ ሲጫኑት ሟሟ እስኪል ያብስሉት፤ ዝቅ ባለ ቦታ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ደጋ ላይ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ጨውን አሁን ጨምረው 2 ደቂቃ ይተዉት። እሳቱን ካጠፉ በኋላ ሎሚውን ይጨምሩ፤ እሳት ላይ ከቆየ መዓዛው ይጠፋል።

የሚቀር የለም ወይ? አንድ አለ፦ ይህ ሾርባ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። በማግስቱ ገንፎ መስሎ የሚያገኘው ሰው እንዳይደነግጥ «ሙቅ ውሃ ጨምረው ያቅጥኑት፣ ጨውንም መልሰው ይቅመሱ» የሚል ይግባበት። በክክ ፋንታ ድፍን ባቄላ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ቲማቲሙ ባቄላው ከለሰለሰ በኋላ መግባት እንዳለበት ይጻፉ፤ ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬ እንዳይለሰልስ ያዘገየዋል።

የጎደለ ነገር ቢኖርስ፣ ምትኩን ልጻፍ?

በእጅዎ የሞከሩትን ብቻ። ከላይ ባለው ሾርባ ሎሚው በ1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ይተካል፣ ከሙኑ ቢቀርም ምግቡ ምግብ ነው፣ ሽንኩርቱ ግን አይቀርም። እንዲህ የግድ የሆነውንና የማይሆነውን መለየት ከረጅም የምትክ ዝርዝር ይበልጣል። ዱቄት ነክ ነገር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ቤኪንግ ሶዳ ከቤኪንግ ፓውደር 3 እጥፍ ያህል ይበረታል፣ ስለዚህ አንዱን በሌላው ልክ መተካት ምግቡን ያበላሻል።

ለ4 ሰው የጻፍኩትን ለ12 ሰው ማባዛት ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ሁሉንም በ3 በማባዛት አይደለም። ትልቅ ድስት ከያዘው አንጻር የሚተንለት ውሃ ያነሰ ስለሆነ፣ ከተባዛው ውሃ ሩቡን ያስቀሩና ሲያስፈልግ ይጨምሩ። ጨውና የሚያቃጥል ቅመምም በሁለት ሦስተኛው ተጀምሮ በመቅመስ ይሞላል። የማብሰያው ጊዜ 3 እጥፍ አይሆንም፤ የሚረዝመው ድስቱ እስኪፈላ ያለው ነው። የሚጠበስ ሥጋ ከሆነ በየተራ ይጠበስ፤ መጥበሻው ከታጨቀ ሥጋው ውሃ ያወጣና በመቅላት ፋንታ ይቀቀላል።

የኬክ ዕቃ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ዕቃ ወለሉ 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሆን የ25 ሴንቲ ሜትሩ 491 ነው። የ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሊጥ ይፈልጋል ማለት ነው።

ስለ ጤንነት ምን መጻፍ ይገባኛል?

እኛ ከልማድ የምናደርገው ጥንቃቄ ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ ለተቀባዩ አይደርሰውም። በተለይ እነዚህን አይለፉ፦

ዶሮ ወፍራሙ ክፍል ውስጥ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። የሥጋ ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው «አጥንቱ አካባቢ ሮዝማ ቀለም እስኪጠፋ፣ ፈሳሹ እስኪጠራ» ብለው ይጻፉ፤ ቴርሞሜትሩ ግን ይበልጥ ያስተማምናል።

ቀይ የኩላሊት ቅርጽ ባቄላ (ኪድኒ ቢን) ጥሬውን ወይም በደንብ ሳይበስል ከተበላ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣ መርዝ አለው። ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ይበልጥ ለመጠንቀቅ 30 ደቂቃ፣ በኃይል መፍላት አለበት። በዝቅተኛ ሙቀት የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ለዚህ አይበቃም፤ መጀመሪያ ምድጃ ላይ ይፍላ።

የተረፈ ሩዝ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ሩዝ ላይ የሚገኝ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ በዘር መልክ ሆኖ ማፍላትን ይቋቋማል፤ ሩዙ ውጭ ሲያድር ይራባና መርዝ ያመነጫል፣ መርዙ ደግሞ በማሞቅ አይጠፋም። ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት ዘይትም እንዲሁ ከፍሪጅ ውጭ አይቀመጥ፤ ቦቱሊዝም ለሚባለው ከባድ የምግብ መመረዝ ምቹ ነው። ማር ያለበትን ነገር ሲያካፍሉ «ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥ» የሚል ይጨመርበት።

አለርጂ ያለበት ሰው ሊሠራው ይችላል?

አያውቁም፣ ስለዚህ ምንም አይደብቁ። ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ የዛፍ ለውዞች (እንደ አልሞንድና ካሹ ያሉ)፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕና መሰሎቹ ትንሽ እንኳ ካሉ በግልጽ ይጻፉ። አሜሪካ ሰሊጥን ምርቶች ላይ በግድ ከሚጻፉት ዋና አለርጂ አምጪዎች ጋር ያካተተችው በ2023 ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ዝርዝር 14 ዓይነት ይዟል። የሾርባ ኩብና የታሸገ ድልህ ውስጥ ስንዴ ወይም አኩሪ አተር ሊኖር ስለሚችል «ማሸጊያውን ያንብቡ» ይበሉ። «ትንሽ ነው፣ ምንም አይልም» የሚለውን ቃል ፈጽሞ አይጻፉ።

ከሌላ ሰው ያገኘሁትን ማካፈል እችላለሁ?

ሰጪውን ያስፈቅዱና ስሙን ለመጥቀስ ፈቃዱ ከሆነ ይጥቀሱ። በብዙ አገር ሕግ፣ በአሜሪካም ጭምር፣ የሚያስፈልጉ ነገሮች ዝርዝር ብቻውን በቅጂ መብት አይጠበቅም፤ ማብራሪያው የተጻፈበት ቃልና ፎቶው ግን ሊጠበቅ ይችላል። ስለዚህ ሠርተው ይዩትና በራስዎ አነጋገር ይጻፉት። ከሕጉ ውጭ ደግሞ ይሉኝታ አለ፦ «ለአንቺ ብቻ ነው» ተብሎ የተሰጠ አሠራር ለአንቺ ብቻ ነው።

በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይስ በቪዲዮ?

የሊጥ መላላትና መጠንከር፣ የቢላ አያያዝ በቪዲዮ ይሻላል። ቁጥሩ ግን ሁልጊዜ ተጽፎ ይላክ፤ እጁ ሊጥ የነካ ሰው ቪዲዮ ወደኋላ እየመለሰ «ስንት ግራም አለች?» ሊል አይችልም። ማንበብ ለማይችል ወይም ዓይኑ ለደከመ ሰው የድምፅ መልእክት ትልቅ ውለታ ነው፤ በየደረጃው ቆርጠው በተለያየ መልእክት ይላኩት።

«እንዳልሽው ሠራሁት፣ ግን የአንቺን አይመስልም» ቢሉኝስ?

«እርግጠኛ ነህ?» ከማለት ይልቅ በተራ ይጠይቁ። መጀመሪያ ጨው፦ አንድ ቁንጥር ጨምሮ ቢቀምሰው ምን ይላል? ብዙውን ጊዜ ችግሩ እዚያ ያልቃል። ቀጥሎ ሎሚ ወይም ሌላ ኮምጣጣ ነገር፤ ጨው በቅቶት አሁንም ደብዘዝ ያለ ጣዕም ካለው የጎደለው እሱ ነው። ከዚያ ሽንኩርቱ ስንት ደቂቃ ቆየ? ክዳኑስ? ድስቱ ስስ ነው ወፍራም? የተተካ ነገር ነበር? በመጨረሻ መሃል ላይ ሳለ ፎቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ፤ የሽንኩርቱ ቀለም ብዙ ይናገራል።

ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቀ የጎደለው ጽሑፉ ላይ ነው። ከማካፈልዎ በፊት መሞከር ከፈለጉ ደግሞ ምግቡን ሠርቶ የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ይዞ ፊትዎ እንዲሠራ ያድርጉ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ። ቆም ብሎ ዞር ብሎ ባየዎ ቁጥር የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ምልክት ያድርጉ፤ የሚታረመው ያ መስመር ነው። ካረሙ በኋላ ወረቀቱ ላይ ቀን ይጻፉ፣ ቀድመው ለወሰዱት ሰዎችም የተለወጠውን መስመር ይላኩላቸው።